ከባሕር ማዶ የመጣው አፈሙዝ

ዳራ በምትባለው የጠመንጃ ሠሪዎች ከተማ ሰው የሚደነግጠው ተኩስ ሲሰማ ሳይሆን ተኩስ ሲጠፋ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ጠመንጃ ሠሪው ሁሉ የጨረሰውን ዕቃ ይዞ ከደጃፉ ብቅ ይልና ወደ ተራራው ይተኩሳል፤ አጠገቡ ሻይ የሚጠጣው ሰው ቀና ብሎ እንኳ አያየውም። ሳርቢላንድ በዚህ ጩኸት መካከል ተወልዶ፣ በዚሁ ጩኸት መካከል ኻምሳ አራት ዓመት ሞላው።

ኡስታድ ሳርቢላንድ ይሉታል፤ ዋና ባለሙያ እንደ ማለት ነው። በዚያ ገበያ ኡስታድ መባል የሚገኘው ሞረድ ይዘው የሸበቱ እንደሆነ ነው። የእሱ ሙያ የሽጉጥ አፈሙዝ ነበር። ከአሮጌ መርከብና ከባቡር ሐዲድ የተቆረጠ ብረት እየገዛ ይቆፍራል፣ ይሞርዳል፣ ያለሰልሳል። ሲጨርስ አፈሙዙን በክር አንጠልጥሎ በቁልፍ ጫፍ መታ ያደርገዋል። ጤነኛው እንደ ደወል ይዘምራል። በውስጡ ስንጥቅ ያለበት ግን እንደ ነቃ እንስራ «ድክ» ብሎ ዝም ይላል። ድክ ያለውን ከሥሩ በሞረድ ሦስት ጊዜ ይጭረውና ከበሩ አጠገብ ካለው ቆርቆሮ ውስጥ ይጥለዋል። በወሩ መጨረሻ ቁራሌው መጥቶ በሚዛን ይወስደዋል። ሦስት ጭረት ማለት ሞቷል፣ አይነካ ማለት ነው። ይህን ከአባቱ ነበር የተማረው።

የባሕር ማዶ ዕቃ ወደ ገበያው መግባት የጀመረው ልጁ ሚራጅ ገና ጢም ሳያወጣ ነው። ሐጂ ናዛር የሚባል ነጋዴ በገበያው ጫፍ ሱቅ ከፍቶ፣ በዘይት ወረቀት የተጠቀለለ አፈሙዝ፣ ሞላና ምላጭ መሸጥ ጀመረ። ዕቃው በኒኬል ቅብ ያብረቀርቃል፤ ማንም ሊያነበው የማይችል ጽሕፈት በላዩ ተመትቷል። ደንበኞች የሳርቢላንድን አፈሙዝ እያገላበጡ አይተው መልሰው ያስቀምጡና «ኡስታድ፣ እጅህ ይባረክ። ግን የባሕር ማዶውን ግጠምልኝ» ይሉት ጀመር።

መጀመሪያ ቅር አለው። ከዚያ አንድ ቀን ለገዛ ሽጉጡ አንዱን ገዛ። ሁለት ቀን ሙሉ ሲሞርድና ሲያስማማ ቆይቶ፣ ነጭ ጨርቅ ተራራው ግርጌ ሰቅሎ ሦስት ተኮሰ። ሦስቱም መዳፍ በምታህል ቦታ ገቡ። ለራሱ አፈሙዝ ሁለት ቀን ሰጥቶ እንደማያውቅ ያን ጊዜ ትዝ አላለውም። ትዝ ያለው ኒኬሉ ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲያ ልቡ ተሸነፈ። ዘጠኝ ዓመት ያህል የሰው ሽጉጥ እየፈታ የውጭ አፈሙዝ፣ የውጭ ሞላና የውጭ ምላጭ ገጠመ። ከሩቅ ሸለቆ ሁሉ መጡለት። ለድሃ ደንበኛ የራሱንም መሥራት አልተወም፤ ድክ ያለውን እንደ ዱሮው ቆርቆሮው ውስጥ ይጥላል። የውጩን ዕቃ ግን አንድም ቀን በክር አንጠልጥሎ አልመታውም። እንግዳ ደጃፍህ ሲቆም ስሙንና የመጣበትን ሳትጠይቅ ምንጣፍ ታነጥፍለታለህ፤ ሳርቢላንድም ብረቱን የተቀበለው እንዲሁ ነበር።

*

ሚራጅ ሲደርስ፣ ከቶር ታንጊ መንደር የአለቃውን የማሊክ ዞርታላብን ልጅ አጩለት። በእነሱ መንደር ሙሽራ የሚወስድ ወገን መጀመሪያ ዒላማ ይመታል። ከገደሉ ማዶ ቋጥኝ ላይ እንቁላል ይቀመጣል፤ የሙሽራው አባት ይተኩሳል፤ እንቁላሉ ሳይሰበር ሙሽራይቱ ከቤት አትወጣም። በጠመንጃ ነበር ልማዱ። የማሊኩ ወንድም ጉል ፋራዝ ግን ነገር ማጣፈጥ የሚወድ ሰው ስለሆነ፣ በሽምግልናው ቀን እንዲህ አለ፦

«ሽጉጥ ሠሪ በጠመንጃ ሙሽራ ሊወስድ ነው? አይሆንም! ኡስታድ በሽጉጥ ይምታ። እኛም ቋጥኙን ትንሽ ቀረብ እናደርግለታለን፤ ዓይኑም አርጅቷል።»

ሁሉም ሳቁ። ሳርቢላንድም ሳቀ። በልቡ ግን ነገሩን ያዘው። ልጁ እንቁላል መምታት ባቃተው አባት ምክንያት ባዶ እጁን ቢመለስ፣ ሰባት ትውልድ የሚነገር ቀልድ ይሆናል።

ስለዚህ ሽጉጡን እንደ አዲስ አበጀው። የቀድሞውን አፈሙዝ አውጥቶ ከሐጂ ናዛር የመጣ አዲስ ገጠመለት። ጠንከር ያለ ሞላ ጨመረበት። ምላጩን በሞረድ እያለሳለሰ፣ ትንፋሽ ቢነካው የሚለቅ አደረገው። ሳምንቱን ሙሉ ጠዋት ጠዋት ወደ ተራራው እየወጣ ተለማመደ። አንዳንድ ጊዜ ሽጉጡ ይነክስበት ነበር፤ ያልጎረሰ ጥይት አፉ ላይ ይዞ ይቀራል። «አዲስ ስለሆነ ነው፤ ይላመዳል» እያለ ያልፈዋል።

በሠርጉ ቀን መቶ ያህል ሰው ከበሮ እያስመታ ቶር ታንጊ ገባ። እንቁላሉ ከማዶ ተቀምጧል፤ ከሩቅ ሲያዩት የጥርስ ያህል ነው። ሳርቢላንድ ቢስሚላህ ብሎ ተኮሰ። ከቋጥኙ በላይ አቧራ ተነሣ።

«ለሰማዩ ሰላምታ ሰጠ!» አለ ጉል ፋራዝ። «ሁለተኛው ለእንቁላሉ ነው!»

ሁለተኛው ጥይት አልወጣም። ሽጉጡ ነከሰ። ሳርቢላንድ አላቅቆ እንደገና ሳበ፤ እንደገና ነከሰ። ላቡ በጆሮው ግንድ ወረደ። ከኋላው ሚራጅ በአበባ ጉንጉን ውስጥ ቆሞ ጫማውን ያያል።

«ኡስታድ፣ ከፈለግህ እንጠብቅሃለን» አለ ጉል ፋራዝ። «እንቁላሉ ራሱ ተፈልፍሎ በእግሩ ይመጣል!»

የሙሽራይቱ ወገን በሳቅ ፈረሰ። ሳርቢላንድ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ሻሉን ዘርግቶ ሽጉጡን ፈታው። ሺህ ጊዜ የሠራው ሥራ ስለሆነ እጁ ብቻውን ይሄዳል። ሞላው ለዚህ ሽጉጥ እጅግ ጠንካራ ነበር፤ ይህን ወዲያው አየ። የወለደቻቸው እናት ሌላ፣ የገቡበት ቤት ሌላ የሆኑ ዕቃዎች በአንድ ሽጉጥ ውስጥ ተሰብስበው እየተገፋፉ ነው። አፈሙዙን ሲያወጣ ግን እጁ ቆመ።

በሳምንቱ ተኩስ ኒኬሉ ከሥሩ ተልጦ ነበር። በተላጠው ቦታ ሦስት ጭረት ታየው።

ዓይኑን ጨፍኖ ገለጠው። ሦስት ናቸው። የመጨረሻው ትንሽ ወደ ግራ ያዘነበለ ነው፤ ሳርቢላንድ ሞረዱን ሲያነሣ ሁልጊዜ ወደ ግራ ይስታልና። ጩኸቱም፣ ከበሮውም፣ ሳቁም ጠፋው። ይህ አፈሙዝ የእሱ ነው። በገዛ እጁ ሠርቶ፣ በገዛ ጆሮው ሰምቶ፣ ሞቷል ብሎ የጣለው ነው።

ማሊክ ዞርታላብ እንግዳው ፊቱ አመድ መምሰሉን አይቶ አዘነለት። ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ነው። የገዛ ሽጉጡን ከወገቡ አውጥቶ፣ አፉን ወደ ራሱ አዙሮ ሰጠው።

«በቃ፣ ያንተን ተወው። በእኔ ምታ። ደግሞስ የሰው አይደለም፤ አምና አንተው አይደለህ ያበጀኸው? እኔ በዚህ ሽጉጥ ዝንብ እመታለሁ።»

አስተናጋጅ የሰጠውን መሣሪያ አለመቀበል ነውር ነው። ሳርቢላንድ በሁለት እጁ ተቀበለ። አልተኮሰም፤ ፈታው።

«ምን ያደርጋል ይህ ሰው?» አለ አንዱ። «የሁላችንንም ሽጉጥ ሊፈታ ነው?»

ከሻሉ ጫፍ ክር መዘዘና የማሊኩን አፈሙዝ አንጠለጠለ። የሱቁን ቁልፍ አውጥቶ መታ አደረገው።

ድክ።

ሰዉ ምን እንደሆነ ባይገባውም ጠጋ ጠጋ አለ። ሳርቢላንድ በቁልፉ ኒኬሉን ፋቀው። ሦስት ጭረት። ከጭረቱ በላይ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ጥቁር መስመር እስከ ወገቡ ወጥቷል።

«ጌታው ማሊክ» አለ፤ ድምፁ የሌላ ሰው መሰለው። «ስትተኩስ ፊትህን የት ነው የምታደርገው?»

«እዚህ ነዋ» አለ ማሊኩ፤ ክንዱን ጉንጩ አጠገብ አድርጎ አሳየ። ከዚያ መስመሩን አየና ክንዱ እዚያው አየር ላይ ቀረ።

ሳርቢላንድ ሁሉንም ተናገረ። አሸዋ ገባበት ማለት ይችል ነበር፤ ሰዉም ያምነው ነበር። ግን ከፊቱ ካሉት ሰዎች ወገብ ላይ ስንቱን እሱ እንደገጠመው ሲያይ አፉ እንቢ አለው። የጣልኩት ብረት ነው፣ ማን እንዳመጣው አላውቅም፣ ከዛሬ ጀምሮ በውጭ ዕቃ የገጠምኩላችሁን ሽጉጥ እንዳትተኩሱ አለ። ሰዎች እጃቸውን ወደ ወገባቸው ሰደዱ፤ እባብ እንደነካው ሰው መልሰው ሳቡት።

ጉል ፋራዝ አሁን ሳይቀልድ፦ «ቆይ እንጂ» አለ። «የገዛ እጅህን ሥራ ዘጠኝ ዓመት አላወቅከውም? እናት ልጇን ልብስ ስለቀየረ አታውቀውም እንዴ?»

ሳርቢላንድ ጎንበስ ብሎ የተፈቱትን ዕቃዎች ከሻሉ ላይ ይለቅም ጀመር።

ማሊኩ ተናገረ። «ሩዙ ተሠርቷል፤ እንግዶቼ ናችሁ፣ ትበላላችሁ። ልጄ ግን ዛሬ አትሄድም። የምትገባበት ቤት አባወራ ሌባ ይሁን ዕውር ይሁን አላወቅሁም። እንቁላሉ እንዳለ ይቆይ። ሂድና የገጠምከውን ሁሉ ሰብስብ። ያን ጊዜ እንነጋገራለን።»

ሩዙን ቀምሰው ተነሡ። በመልሱ መንገድ ከበሮ የመታ የለም። ሚራጅ ከአባቱ አጠገብ ብዙ ሄዶ፣ የአበባውን ጉንጉን ከአንገቱ እያወለቀ፦

«ባባ፣ ታውቅ ነበር?» አለ።

ሳርቢላንድን ከሁሉ ይልቅ የወጋው ይህ ነበር።

*

በማግስቱ ሐጂ ናዛር ሱቁን ገና ሲከፍት ሳርቢላንድ ደጃፉ ቆሟል።

«ኡስታድ! ምነው ፊትህ? ልጅ ዳርክ ወይስ ቀበርክ? ግባ፣ ሻይ ላስመጣ።»

ሳርቢላንድ የተላጠውን አፈሙዝ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «ይህ የማን ነው?»

ሐጂው አነሣው፣ አገላበጠው። «ያንተ ነዋ! የማን ሊሆን ነበር?»

«የእኔ መሆኑን ታውቅ ነበር?»

«አሁን ቀልዱን ተወኝ» ብሎ ሳቀ ሐጂው። «ቁራሌው ከአንተ ይወስዳል፣ ለእኔ ያመጣል። ከጀርባ ያሉት ሠራተኞች ኒኬል ይነክሩታል፣ ጽሕፈት ይመቱበታል። አንተ መጥተህ ትወስደዋለህ። ገበያው ሁሉ አይደል እንዴ የሚያውቀው? ‹ሳርቢላንድ እንዴት ያለ ብልጥ ነው፤ በስሙ የማይሸጥለትን በፈረንጅ ስም ይሸጣል› ስንባባል...» ቀና ብሎ የሳርቢላንድን ፊት ሲያይ ሳቁ ከአፉ ላይ ደረቀ። «ኡስታድ... አላወቅክም ማለት ነው?»

«አላወቅሁም።»

«በአላህ? እኔ እኮ የምታውቅ መስሎኝ ነው!»

«ሦስቱ ጭረትስ? ተሰንጥቋል ማለት እኮ ነው፣ ሐጂ! ጣሉት ማለት ነው!»

ሐጂው ቀስ ብሎ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። «እኔ ደግሞ ምልክትህ መስሎኝ» አለ በለሆሳስ። «የኡስታድ ማኅተም ነው ብዬ... ቁራሌውን ‹ሦስት ጭረት ያለበትን ብቻ ምረጥልኝ፣ ሌላውን አልፈልግም› እለው ነበር።»

ሳርቢላንድ ከዚያ ሱቅ እንዴት እንደወጣ አያስታውስም። የሚያስታውሰው፣ በገበያው መካከል ሲሄድ ሰላም የሚሉት ሰዎች ሁሉ ዘጠኝ ዓመት እንደ አጭበርባሪ ሲያዩት እንደኖሩ፣ ሰላም የሚሉትም ለዚሁ ብልጠቱ አድንቀው እንደሆነ ማሰቡን ነው።

*

መሰብሰቡ ከባድ ሥራ ሆነ። ሰዎች የውጭ አፈሙዛቸውን አንሰጥም አሉ። አንድ ጸጉር አስተካካይ ምላጩን ደንበኛው አንገት ላይ እንደያዘ ጮኸበት፦

«አንተ ሰው፣ ደግ ስታደርግ ቆይተህ ማፍረስ ጀመርክ? ይህን አፈሙዝ ካስገባሁ ጀምሮ ስቼ አላውቅም! ያለ እሱ ግድግዳ አልመታም ነበር።»

«አምጣውና እንየው» አለው ሳርቢላንድ።

ከኋላ ሜዳ ወጡ። የጸጉር አስተካካዩ አፈሙዝ በክር ተንጠልጥሎ ሲመታ ጥሩ ድምፅ ሰጠ፤ በስህተት ከተጣሉት አንዱ ይሆናል። ጸጉር አስተካካዩ በእሱ አምስት ተኮሰ። ሳርቢላንድ የሽጉጡን የድሮ አፈሙዝ ዝገቱን ጠራርጎ ገጠመለት፤ በእሱም አምስት ተኮሰ። ጨርቁን አምጥተው ቢያዩት የቱ ቀዳዳ የየቱ እንደሆነ መለየት አልቻሉም።

«እና ያኔ ለምን እስት ነበር?»

«ዱሮ በዓመት ስንት ጊዜ ትተኩስ ነበር?»

«ለበዓል፣ ለበዓል።»

«አዲሱን ካስገባህ ወዲህስ?»

ጸጉር አስተካካዩ ጢሙን አከከ። «በየጁምዓው... ለሰው ለማሳየት።» ከዚያ ተናደደ። «ታዲያ ይህን ያኔ አትነግረኝም ነበር?»

«ያኔ እኔም አላውቅም ነበር» አለ ሳርቢላንድ።

እንዲህ እያለ ሁለት ወር ዞረ። የውጩን ሞላ አውጥቶ የሽጉጡን የራሱን ሲመልስ፣ ይነክሱ የነበሩት ብዙዎቹ መንከሳቸውን ተዉ። ድክ የሚለውን አፈሙዝ በመዶሻ ጠፍጥፎ በትከሻው ወዳነገተው ጆንያ ይጨምራል። አንዳንዱ ይሰድበዋል፤ አንዳንዱ «ኡስታድ ደግሞ አሁን ምን አዲስ ብልሃት አመጣህ?» ብሎ ዓይኑን ይጠቅስበታል። መጠቀሱ ከስድቡ ይብስበት ነበር።

ከሁሉ መጨረሻ የሄደው ሻምሮዝ የሚባል የጡብ ፋብሪካ ዘበኛ ዘንድ ነበር። ሽማግሌ ነው። ሳርቢላንድ ደርሶ ሽጉጡን ሲጠይቀው፦

«የለም» አለ። «ጠፋ።»

«የት ጠፋ?»

«ጠፋ አልኩህ እኮ። ተቀመጥ፣ ሻይ ጠጣ።»

ሻይ ቀድቶ ሰጠው። ሳርቢላንድ ብርጭቆውን ሊቀበል እጁን ዘርግቶ ደነገጠ። ሻምሮዝ የሰጠው በግራ እጁ ነው። እንኳን እንዲህ ያለ ጨዋ ሽማግሌ፣ ሕፃንም ለእንግዳ በግራ እጁ አይሰጥም። ቀኝ እጁ ከሻሉ ሥር አልወጣም።

«ሻምሮዝ፣ ቀኝ እጅህን አሳየኝ።»

«ሻይህ ይበርዳል።»

«አሳየኝ።»

ሽማግሌው ተነፈሰና አወጣው። አመልካች ጣቱና የመካከለኛው ጣቱ ከሥራቸው የሉም። መዳፉ በሰማያዊ ጠባሳ ተዥጎርጉሯል።

«ሁለት ዓመት ሆነው» አለ። «ውሻ ላባርር ስተኩስ ፈነዳ። ጥይት አብዝቼበት ይሆናል። ሽማግሌ ስለሆንኩ በደንብ አልጠርገውም።»

ሳርቢላንድ የሽማግሌውን መዳፍ ይዞ ገለበጠው። «ለምን አልነገርከኝም?» አለ።

«ምን ብዬ ልንገርህ? ጡብ ወደቀብኝ ብዬ ነው ለሰው የተናገርኩት። የኡስታድ ሥራ ፈነዳ ብል ገበያህ ይዘጋል። ያኔ ደግሞ ለልጅህ ገና አላጨህለትም ነበር፤ ማን ይድርልሃል?»

ሳርቢላንድ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ግንባሩን ጉልበቱ ላይ ደፋ። ሻምሮዝ ግራ ተጋባ፤ ጀርባውን በደህናው እጁ መታ መታ አደረገው።

«ተው እንጂ። ሦስት ጣት አለኝ እኮ። ዳቦ ለመቁረስ ይበቃል።»

*

ቶር ታንጊ ሲደርሱ ሦስት ሆነው ነበር፤ ሳርቢላንድ፣ ሚራጅና ሻምሮዝ። ሽማግሌው «ሠርግ ካየሁ ቆይቻለሁ» ብሎ ራሱ ነው ልምጣ ያለው።

ማሊኩ ጆንያውን በእግሩ ገፋ አደረገው። «ሁሉም ነው?»

«አይደለም። አሥራ አንድ ሰዎች እንቢ አሉኝ። አንዱ ደግሞ...» ሳርቢላንድ ወደ ሻምሮዝ ዞረ። «አንዱ ዘንድ ዘግይቼ ደረስኩ።»

የሻምሮዝን እጅ ራሱ ይዞ ከሻሉ አወጣው፤ ለምን እንደተደበቀም ተናገረ። ሲጨርስ ጉል ፋራዝ ሳይቀር አንገቱን ደፋ። ማሊኩ የሽማግሌውን እጅ በሁለት እጁ ተቀብሎ አየው፤ ከዚያ ሳርቢላንድን አየው።

«ሌባ ቢሆን ይህን ሰው ይዞ አይመጣም ነበር» አለ። «ዕውር ነህ፣ ሳርቢላንድ።»

«አዎ።»

«ዕውር ደግሞ ዒላማ አይተኩስም። ልጅህ ይተኩስ። ደንቡ ደንብ ነው።»

እንቁላሉ በአዲስ ተተክቶ ከማዶ ተቀመጠ። ሚራጅ ከአንድ የመንደሩ ሰው ማንም ፈትቶት የማያውቅ አሮጌ ሽጉጥ ተዋሰ። የመጀመሪያው ሳተ። ሁለተኛውም ሳተ። ማንም አልሳቀም። በሦስተኛው የእንቁላሉ አስኳል በቋጥኙ ላይ ፈሰሰ፤ ከጣሪያው በላይ የሴቶች እልልታ ተነሣ፤ ጉል ፋራዝ ከበሮውን ራሱ ነጥቆ መምታት ጀመረ።

ሳርቢላንድ ግድግዳው ሥር ከሻምሮዝ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ሽማግሌው የሻይ ብርጭቆውን በሦስት ጣቱ እንዴት እንደሚያቅፈው፣ እንዴት ቀስ ብሎ ወደ አፉ እንደሚያደርሰው ያያል።

«ኡስታድ!» አለው ሻምሮዝ በክርኑ ጎሸም አድርጎ። «ልጅህ መታው እኮ! አላየህም?»

«አላየሁም» አለ ሳርቢላንድ።